ሞተር ሳይክል በየትኛው ወቅት ይገዛ?
በዶሃና በአገር ቤት ያለውን ገበያ የሚመለከት አጭር ጥናት

1. የጥያቄው አመጣጥ

ዓርብ ዓርብ ወደ ሙሸይሪብ የወረደ ሰው ወገኖቹን ሳያገኝ አይመለስም። የዶሃ ሜትሮ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ መስመሮች የሚገናኙት በዚሁ ጣቢያ ነውና፣ በቤት ሠራተኛነት የምታገለግለውም እህት፣ በጥበቃና በጽዳት የተሰማራውም ወንድም፣ ወደ ሱቅ ዋቂፍም ሆነ ወደ ሐዋላ ቤት ሲሄድ በዚህ ያልፋል። የማኅበራችን አባላት ከነዚህ ወገኖች ጋር ሲገናኙ ደጋግሞ የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «አገር ቤት ላለው ወንድሜ ሞተር ልገዛለት አስቤአለሁ፤ መቼ ቢገዛ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥቂት ተማሪዎችም እዚሁ ዶሃ ውስጥ ሞተር ገዝተው ለመንዳት በማሰብ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሳሉ።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስናስብ ቀላል አለመሆኑን እንረዳለን። በኳታር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በወር 1,000 ሪያል ነው። አሠሪው ምግብና መኖሪያ የማያቀርብ ከሆነ ለምግብ 300፣ ለመኖሪያ 500 ሪያል ይጨመራል። እንግዲህ በዚህ ደመወዝ የምትሠራ አንዲት እህት በየወሩ 400 ሪያል ማስቀመጥ ብትችል፣ የሞተሩም ዋጋ ለምሳሌ ያህል 6,000 ሪያል ቢሆን፣ ገንዘቡን ለማጠራቀም 15 ወር ይፈጅባታል። በወቅት አለመጣጣም ምክንያት ከመቶ 10 አስበልጣ ብትገዛ 600 ሪያል፣ ማለትም የአንድ ወር ከግማሽ ቁጠባዋ ያለ ጥቅም ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሰው ላብ ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሁፍ ሦስት ነገሮችን ለማብራራት ይሞክራል። አንደኛ፣ የሞተር ዋጋ ከወቅት ጋር ምን ግንኙነት አለው? ሁለተኛ፣ በዶሃና በአገር ቤት ለመግዛት የሚመቸው ወቅት የቱ ነው? ሦስተኛ፣ በተመቸ ወቅት የገዛ ሰው ያተረፈውን ገንዘብና ጊዜ በምን ላይ ሊያውለው ይገባል? የሚሉት ናቸው።

2. ወቅትና ዋጋ

እንደሚታወቀው የማንኛውም ሸቀጥ ዋጋ ከፍ ዝቅ የሚለው ሻጭና ገዢ በገበያው ላይ በሚኖራቸው ብዛት ነው። የሞተር ሳይክልን ሁኔታ ልዩ የሚያደርገው ግን ጣራ የሌለው ተሽከርካሪ መሆኑ ነው። መኪና የያዘ ሰው ዝናብ ቢዘንብ መስኮቱን ይዘጋል፤ ሞተር የሚነዳ ሰው ግን ፀሐዩም ዝናቡም በቀጥታ የሚያርፈው በገላው ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የአየር ጠባይ ሲከፋ የገዢው ቁጥር ወዲያውኑ ይቀንሳል። ሻጩ ግን አይቀንስም። እንዲያውም ሞተሩን ቆሞ ማየት የሰለቸው፣ ለአገር ጉዞ ወይም ለሌላ ጉዳይ ገንዘብ የቸገረው ሰው የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው። ከዚህ የምናገኘው መሠረታዊ ደንብ የሚከተለው ነው፦ ለመንዳት የከፋው ወቅት ለመግዛት የተመቸው ወቅት ነው።

ይህ ደንብ በአንድ አገር ብቻ የሚሠራ አይደለም። በአውሮፓ በረዶና ብርድ በሚበረታባቸው ወራት የሞተር ገበያ ይቀዘቅዛል፤ የፀደይ ፀሐይ ብቅ ሲል ይሞቃል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ አዲስ የሠሌዳ መለያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በሴፕቴምበር ስለሚወጣ፣ ከነዚህ ወራት በፊት ነጋዴዎች በእጃቸው ያለውን ለመጨረስ ይጣደፋሉ። እንግዲህ ደንቡ አንድ ሲሆን፣ «ክፉ ወቅት» የሚባለው ግን እንደየአገሩ ይለያያል ማለት ነው። በዶሃ ሙቀት ነው፤ በእኛ አገር ክረምት ነው።

3. የዶሃ ገበያ

በዶሃ በጥር ወር የቀን ሙቀት በአማካይ 22 ዲግሪ ገደማ ነው። በሰኔና በሐምሌ ግን ከ41 ዲግሪ በላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 በዶሃ 50.4 ዲግሪ ተመዝግቧል።

በዚህ ሙቀት ሞተር መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ከሰውነት ሥራ አንፃር ማየት ይጠቅማል። አንዳንድ ሰዎች «ስትነዳ ነፋሱ ያቀዘቅዝሃል» ይላሉ። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው አየሩ ከቆዳችን ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ 42 ዲግሪ የሆነ ነፋስ በላያችን ሲነፍስ ሙቀት ይጨምርብናል እንጂ አይቀንስልንም። የሚቀረን መከላከያ ላብ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ሲተን ነው። በነሐሴ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት አየሩን ሲሞላው ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል። ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የጋለ ሰው ንግግሩ ይዛባል፣ አካሄዱ ይወላገዳል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። ይህ በምክር የሚታለፍ ድካም ሳይሆን በአስቸኳይ በውሃ ማቀዝቀዝና ሐኪም ዘንድ ማድረስ የሚያስፈልገው ሕመም ነው።

መንግሥትም ይህን በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የሚኒስትር ውሳኔ ቁጥር 17፣ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ባለው ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ፣ ሠራተኛ በፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ከልክሏል። እርጥበትን፣ ፀሐይንና ነፋስን አንድ ላይ የሚለካው መሣሪያ 32.1 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ሥራው ይቆማል። ክልከላው በሞተር ሳይክል ምግብና ዕቃ የሚያደርሱትን ሠራተኞችም ይመለከታል። ቀኑን ሙሉ በመንገድ ላይ የሚውለው ሠራተኛ ሕጉ የሚሰጠውን መብት ማወቅ አለበትና፣ ይህን ለሚያውቁት ወገን መንገር የእያንዳንዱ አባል ፈንታ ነው።

ወደ ገበያው ስንመለስ፣ በዶሃ ሰው ለደስታ ብሎ የሚነዳው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ነው። መስከረም ሲያልቅ ፈላጊው ይበዛል። በሰኔ ግን ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ። ሙቀቱ ገዢውን ያርቃል፤ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው ወደየአገራቸው የሚመለሱ የውጭ አገር ሰዎች ዕቃቸውን ይሸጣሉ። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ ቀኑን የሚቆጥር ሻጭ በዋጋ ብዙ አይከራከርም። ስለዚህ በዶሃ ያገለገለ ሞተር ለመግዛት የሚመቸው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ነው።

«በረመዳንስ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። እርግጥ ነው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች አዲስ ተሽከርካሪ የሚሸጡ ድርጅቶች በረመዳን ልዩ ቅናሽና ስጦታ ማወጃቸው የተለመደ ነው። ሆኖም ረመዳን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2026 በየካቲት አጋማሽ ገብቷል፤ በ2030 ደግሞ በጥርና በታኅሣሥ፣ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓመት ይውላል። ስለዚህ ለአዲስ ሞተር ገዢ ረመዳንን መጠበቅ ብልህነት ቢሆንም፣ የቀን መቁጠሪያውን በየዓመቱ ማየት ያስፈልገዋል።

ለተማሪ ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ከሙሸይሪብ ተነስቶ በአረንጓዴው መስመር ወደ ኤዱኬሽን ሲቲ ለመሄድ በተራው ክፍል የሚከፈለው 2 ሪያል ነው። ለትምህርት ብቻ የሚመላለስ ተማሪ ለኢንሹራንስ፣ ለኢስቲማራና ለጥገና የሚያወጣውን ሲያሰላ፣ ዶሃ ውስጥ ሞተር መግዛት ከኪሳራ በቀር የሚያተርፈው ነገር እምብዛም ነው። ይህ ጽሁፍ በዋነኛነት ለአገር ቤት በሚገዛው ሞተር ላይ የሚያተኩረውም በዚህ ምክንያት ነው።

4. የአገር ቤት ገበያ

በአማራ ክልልም ሆነ በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች የገንዘብ ዝውውር የሚከተለው የመኸሩን ሂደት ነው። ጤፉና ስንዴው የሚታጨደውና የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ገበሬው እህሉን ሸጦ ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። ዕዳ የሚከፈለው፣ በሬ የሚገዛው፣ ሠርግ የሚደገሰው፣ ቆርቆሮ የሚለወጠው ሁሉ በነዚሁ ወራትና ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ዛሬ ደግሞ በየገጠር ከተማው ሞተር ሳይክል ከነዚህ ፍላጎቶች ተርታ ገብቷል። መንገዱም ደርቋል፣ ወንዙም ጎድሏል። ገንዘብ ያለው ገዢና ለመንዳት የሚመች መንገድ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ደላላውም ኮራ ይላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የበጀት መዝጊያ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚያልቀው ሰኔ 30 ቀን በመሆኑ፣ መሥሪያ ቤቶች የተረፋቸውን በጀት ከመመለስ ይልቅ በግንቦትና በሰኔ ግዢ ይፈጽማሉ። በየወረዳው ለግብርና ባለሙያውና ለጤና ሠራተኛው የሚታደለው ሞተር የሚገዛው በዚሁ በጀት ነው። ስለዚህ በነዚህ ሁለት ወራት የአዲስ ሞተር ሻጭ ግለሰብ ገዢን ለመለማመጥ ብዙ ምክንያት አይኖረውም።

ሐምሌ ሲገባ ሁኔታው ይለወጣል። የበጀቱ ጥድፊያ አልፏል። ክረምቱ ገብቷል፣ ጭቃው በርትቷል፣ ገበሬው የጎተራውን ጥራጊ እየቆጠረ መኸርን ይጠብቃል። ለማዳበሪያና ለዘር አውጥቶ ጨርሷል። ነሐሴ ሲጋመስ ደግሞ የልጆች ደብተርና የዩኒፎርም ወጪ፣ የዘመን መለወጫም ድግስ ይታሰባል። ሞተር ያለው ሰው ከቸገረው የሚሸጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በአገር ቤት ለገዢ የሚመቹት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በዶሃ ያለውና በአገር ቤት ያለው ምክንያት ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ዝናብ፣ እዚህ ፀሐይ። ውጤቱ ግን በአንድ ጊዜ ይገጥማል። ሐምሌ 1 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 8 ላይ ይውላል፤ ነሐሴ 30 ደግሞ መስከረም 5 ላይ። ስለሆነም በዶሃ ለሚገዛውም ሆነ በአገር ቤት ለሚያስገዛው ወገናችን መልሱ አንድ ነው፦ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ።

ከወቅት በፊት ግን የቦታው ደንብ መታየት አለበት። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ መታገዱና በኋላም ልዩ ፈቃድ ላላቸው ብቻ መፈቀዱ ይታወሳል። በአማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የመንገድ መዘጋትና በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ የታየባቸው ጊዜያት አሉ። የተከለከለ ሞተር በማናቸውም ወቅት ቢገዛ ርካሽ አይሆንም። ገንዘብ ከመላኩ በፊት ወንድም ሄዶ የከተማውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት።

5. ሪያልና ብር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወር ነው። ከወር የበለጠ ክብደት ያለው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም የምንዛሪ ጉዳይ ነው።

የኳታር ሪያል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በ3.64 ሪያል ለ1 ዶላር የታሰረ ነው። ብር ግን እንደዚያ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከዚያ በፊት በባንክ ከ58 ብር በታች የነበረው 1 ዶላር በአምስት ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሞተር ሳይክል ወይም የሚገጣጠምበት ዕቃ ከውጭ በዶላር የሚገባ ስለሆነ፣ ዶላሩ ሲወደድ የሞተሩም ዋጋ በብር ይከተለዋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የሚከተለው ነው። በየወሩ 400 ሪያል ወደ ብር እየለወጠች በአገር ቤት ባንክ ያስቀመጠች እህት፣ ብሩ በረከሰ ቁጥር ሞተሩ ይርቃታል። እዚሁ በሪያል ያስቀመጠችው ግን ዋጋውን ይዛ ትጠብቃለች። ስለዚህ ለሞተር የታሰበው ገንዘብ እስከ ሐምሌ ድረስ በሪያል መቆየት፣ ሞተሩ ታይቶ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ በባንክ መላክ አለበት። ገንዘቡን በስማቸው ባለ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ የማይችሉ ወገኖች ካሉም፣ ማኅበራችን በዚህ በኩል ቢረዳቸው ጠቃሚ ይሆናል።

6. የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

ሀ) «ነገ ይወደዳልና ዛሬ ግዛ» የሚሉ አሉ። ይህን አስተያየት በቀላሉ መጣል አይገባም። ገንዘቡ በብር የተቀመጠ ከሆነ ትክክል ሊሆን ይችላል። የኑሮ ውድነቱ በዓመት 20 ከመቶ ቢሆን፣ በጥር ገንዘብ ይዞ እስከ ሐምሌ የጠበቀ ሰው 10 ከመቶ ያህሉን በዋጋ ንረት ያጣል። የክረምቱ ቅናሽ 10 ከመቶ ቢሆን አንዱ ሌላውን አጣፋው፤ መጠበቁም ትርፍ የለውም ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ወቅትን መጠበቅ የሚጠቅመው ገንዘቡ በማይረክስ ምንዛሪ ሲቀመጥ ነው። በሪያል ለሚቆጥበው ተቃውሞው አይሠራም፤ በብር ለሚቆጥበው ግን ይሠራል።

ለ) «ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው እንጂ ወቅቱ አይደለም» የሚሉም አሉ። ደላላው ጉልበት የሚያገኘው ግን ከገዢው ብዛት ነው። በጥር አንድ ሞተር ሦስት ገዢ ሲኖረው ደላላው ያወዳድራል። በነሐሴ አንድ ገዢ ሦስት ሞተር ሲቀርብለት ግን የሚያወዳድረው ገዢው ነው። ስለዚህ ወቅትን ማወቅ ከደላላው ጋር በእኩል ለመነጋገር ያስችላል።

ሐ) «በክረምት የተገዛ ሞተር ቆሞ ይበላሻል» የሚል ስጋትም አለ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ታንከሩ በቤንዚን ከሞላ ውስጡ አይዝግም። ሰንሰለቱ ዘይት ይቀባል፤ የባትሪው ገመድ ይፈታል ወይም በየጊዜው ይሞላል። ሞተሩ ከጣራ ሥር፣ ጎማው ከእርጥብ መሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በኤሌክትሪክ ለሚሠራውም ሞተር ቢሆን ባትሪው ከኃይለኛ ሙቀት ከተጠበቀ በሁለት ወር አይጎዳም።

7. በሚገዛበት ጊዜ ምን ይታይ?

ርካሽ ወቅት የተደበቀ ጉድለትንም ርካሽ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ሆኖም ክረምት ለመርማሪ ገዢ የሚሰጠው ጥቅም አለ። በበጋ ሙቀት ማንኛውም ሞተር በቀላሉ ይነሳል። በነሐሴ ማለዳ፣ ሌሊቱን በብርድ ያደረ ሞተር በአንድ ወይም በሁለት ምት ከተነሳ ጤንነቱን መሰከረ ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩን ማየት በማለዳ፣ ከመሞቁ በፊት ይሁን። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ምክንያቱ ይጠየቅ።

የሚከተሉትም ይታዩ፦

አንደኛ፣ የሞተሩ ዘይት። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ወንዝ ሲሻገር የዋለ ሞተር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጎማው። በጎማው ጎን ላይ ከታተሙት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢያረጅ ይደርቃል፣ በእርጥብ አስፋልት ላይም ያንሸራትታል።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ። በአገር ቤት የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ ቦሎው ዘመኑን ያላለፈ መሆኑ ይታይ። በዶሃም ኢስቲማራው በሻጩ ስም መሆኑ፣ ያልተከፈለ ቅጣት አለመኖሩ ይጣራ፤ ስም ሳይዛወር ገንዘብ አይሰጥ። ሞተሩንም ፋሕስ ወስዶ ማስመርመር ይቻላል።

አራተኛ፣ የመለዋወጫው ጉዳይ። በአካባቢው ገበያ መለዋወጫው የሚገኝና ሰፈሩ ያለው ሜካኒክ የሚያውቀው ሞተር፣ ከማይታወቀው ይመረጣል። ርካሹ ሞተር አንድ ዕቃ ጠፍቶለት ሦስት ወር ቢቆም ከውዱ በልጦ ይወደዳል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ያገለገሉ ሞተሮቻቸውን በጨረታ እንደሚሸጡም መዘንጋት የለበትም። ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣል። እነዚህ ሞተሮች ወረቀታቸው ንጹሕ መሆኑ ጥቅማቸው ነው፤ በብዙ እጅ የተነዱ መሆናቸው ጉዳታቸው ነው።

8. ከግዢ እስከ መንገድ

ይህን ጽሁፍ የሚያዘጋጀው የሕክምና ተማሪ እንጂ ነጋዴ ስላልሆነ፣ ወደ ዋናው ነጥብ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ የገዛ ሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጊዜም አትርፏል። በጥር የተገዛ ሞተር ከሱቁ በር ተነስቶ በቀጥታ ወደ መንገድ ይወጣል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሠርጉ ብዙ ነው፣ መጠጡም አይጠፋም። ወጣቱ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ፣ ከኋላው ሁለት ጓደኛ ጭኖ ይከንፋል። በሐምሌ የተገዛው ግን ጭቃው እስኪደርቅ ሁለት ወር ያህል አለው። በእነዚህ ሁለት ወራት ትምህርት ይማርበታል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣበታል፣ ዝናብ ባቆመበት ሰዓት በሜዳ ላይ ፍሬን መያዝንና መታጠፍን ይለማመድበታል። መስከረም ሲጠባ መንገድ ላይ የሚወጣው አዲስ ሞተር የያዘ ጀማሪ ሳይሆን የተለማመደ ነጂ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከነዚህም ውስጥ ቁጥራቸው ቀላል የማይባለው በሁለትና በሦስት እግር ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 61 ጥናቶችን መርምሮ፣ የራስ ቁር፣ በተለምዶ ሄልሜት የምንለው፣ የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላትን ጉዳት ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የራስ ቁር ሥራው ምን እንደሆነ ብዙ ሰው በትክክል አይረዳም። ጠንካራው ቅርፊት ብቻውን አያድንም። ሰው ሲወድቅ የራስ ቅሉ መሬት ላይ ይቆማል፤ በውስጡ ያለው አንጎል ግን ጉዞውን ቀጥሎ ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ ስፖንጅ መሰል ነገር በመጨፍለቅ ይህን ግጭት ያለዝበዋል። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ግን መልሶ አይነሳም። ስለዚህ አደጋ ያየ የራስ ቁር፣ ላዩ ደኅና ቢመስልም፣ ሥራውን ጨርሷል። ከገበያ ያገለገለ የራስ ቁር መግዛት የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ሲገዛም ራስን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ የአገጩ ማሰሪያ ከታሰረ በኋላ ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ ይሁን። ማሰሪያው ያልታሰረ የራስ ቁር ገና ሰውዬው ሳይወድቅ ወልቆ ይሄዳል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ወድቆ ተነስቶ «ደኅና ነኝ» ያለ ሰው ሁሉ ደኅና ላይሆን ይችላል። በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም ሲፈስ፣ ሰውዬው ለጥቂት ሰዓት በደንብ ሲነጋገር ቆይቶ በኋላ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በዚያ ቀን ብቻውን አይተው። ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከጫነው፣ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ። «ይተኛና ያርፍ» ማለት በዚህ ጊዜ ደግነት አይደለም።

እንግዲህ በምሳሌአችን እህታችን በሐምሌ ገዝታ 600 ሪያል አተረፈች እንበል። ይህ ገንዘብ ወዴት ይሂድ? የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ለሁለት የራስ ቁር፣ አንዱ ለነጂው፣ ሌላው ከኋላ ለሚቀመጠው። ሁለተኛ ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት። ሦስተኛ ለኢንሹራንስ። ቅናሹ ራስ ላይ ይዋል። እህት በሰው አገር 15 ወር ለፍታ የላከችው ሞተር የወንድሟ መተዳደሪያ እንዲሆን እንጂ የለቅሶ ምክንያት እንዲሆን አይደለም። ስለዚህም ገንዘቡ ሲላክ ቃል ማስገባት መብቷ ነው፦ «ወንድሜ፣ መንጃ ፈቃድህን ሳታሳየኝ ቁልፉን አትቀበልም።» ቁልፉን እስከዚያ ድረስ እናት ወይም አባት ቢይዙት መልካም ነው።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ስናጠቃልል፦

1) ለመንዳት የከፋው ወቅት ለመግዛት የተመቸ ነው። በዶሃ ሙቀቱ፣ በአገር ቤት ዝናቡ ገዢውን የሚያርቁት በአንድ ጊዜ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው።

2) በአገር ቤት ከኅዳር እስከ የካቲት የመኸር ገንዘብ፣ በግንቦትና በሰኔ የበጀት መዝጊያ ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል።

3) ገንዘቡ እስከ ግዢው ቀን በሪያል ይቆይ። በብር የተቀመጠ ከሆነ ግን ወቅት መጠበቁ የሚያተርፈውን የዋጋ ንረቱ ሊበላው ስለሚችል፣ ሳይዘገይ ቢገዛ ይሻላል።

4) የከተማው ደንብ ከወቅትም ከዋጋም ይቀድማል።

5) የተረፈው ገንዘብ ለራስ ቁር፣ የተረፈው ጊዜ ለልምምድና ለመንጃ ፈቃድ ይዋል።

ይህ ጽሁፍ የደረሳቸው የማኅበራችን አባላት አንብበው ብቻ እንዳያስቀምጡት አደራ እንላለን። ጥያቄውን ያነሱት ወገኖች አብዛኛዎቹ ይህን መጽሔት የሚያዩበት ጊዜም አጋጣሚም የላቸውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓርብ ሙሸይሪብ የሚወርድ አባል ሁሉ ከነዚህ አምስት ነጥቦች ቢያንስ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ለአንድ ሰው ያስረዳ። አስተያየትና እርማት ያለው አንባቢም ለአዘጋጁ ክፍል ቢልክ በደስታ እንቀበላለን።

ከአንድ የሕክምና ተማሪ፤ ዶሃ